ስለ ማሞ ወልዴ ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?

 

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ፎርም፣ ስለ ወላጆች ስብሰባና ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ሯጭ እጽፋለሁ። ነገሩን ያስነሣው አንድ ቤተሰብ ሲሆን፣ ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ሰጥተውኛል። እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር ለውጬአለሁ።

እዚሁ ዖሜር የምትማር የ12 ዓመት ልጅ፣ በባት ሚጽቫ ዓመቷ በትምህርት ቤት የሚሠራውን ሾራሺም፣ ማለትም የቤተሰብ ታሪክ ጥናት፣ ጀመረች። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቤተሰባችሁ የሚያደንቀው ሰው ማን ነው?» የሚል ነበር። ቤር ሼቫ ለሚኖሩት አያቷ ደውላ ስትጠይቅ፣ «ማሞ ወልዴ ነዋ!» አሏት። ጎንደር ከተማ ተማሪ ሳሉ የድሉን ዜና በሬዲዮ እንደሰሙ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በባዶ እግራቸው ሲሮጡ እንደዋሉም አጫወቷት። ልጅቷ ግን ስሙን በኮምፒዩተር ስትፈልግ ሌላ ነገር አገኘች። ዓርብ ማታ ሁሉም ለእራት እንደተቀመጡ፣ በዕብራይስጥ «ሳባ፣ ይህ ሰው በግድያ ታስሮ የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አያቷ ምንም ሳይመልሱ ከማዕዱ ተነሡ። በማግስቱ፣ ሸባት እንደወጣ፣ እናትየው ደወለችልኝ።

ለመሆኑ ማሞ ወልዴ ማን ነበር? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1932 ተወለደ፤ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ወታደር ሆነ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ሜልበርን ላይ በ800ና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ተስፋ ግን አልቆረጠም። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ብር አገኘ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተደረገው ማራቶን ደግሞ አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሲያቋርጥ፣ ማሞ የአገሩን አደራ ተረክቦ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አንደኛ ገባ። ሁለተኛውን የቀደመው ከ3 ደቂቃ በላይ ነበር። በዚህም ኢትዮጵያ የኦሎምፒክን ማራቶን ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች።

ለእኛ ለእስራኤላውያን ደግሞ ሌላ የሚያገናኘን ነገር አለ። በ1972 ሙኒክ ላይ 11 የእስራኤል ቡድን አባላት በአሸባሪዎች የተገደሉት በሴፕቴምበር 5ና 6 ነበር። ማራቶኑ የተሮጠው በሴፕቴምበር 10 ነው። በዚያ ኀዘን ባጠላበት ኦሎምፒክ ማሞ በ40 ዓመቱ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በቀይ ሽብር ዘመን አንድ አፍላ ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ማሞ በዚያ ግድያ ተሳትፈሃል ተብሎ ታሰረ። ማሞ በቦታው እንደነበረ አልካደም። ታዝዤ ሄድኩ፣ ልጁ ከተገደለ በኋላ ተኩስ ተብዬ ሆን ብዬ ሳትኩ፣ አልገደልኩም ይል ነበር። የመጨረሻ ፍርድ ሳያገኝ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆየ። የዓለም ኦሎምፒክ ኮሚቴና በውጭ አገር ያሉ ሯጮች ስለ እርሱ ብዙ ጮኹ። በ2002 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። ወራት ብቻ ቆይቶ በዚያው ዓመት በሜይ 26 በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ይህን ለልጅ እንዴት እንነግራለን? ከእናትየው ጋር ከተነጋገርን በኋላ ወደ አያትየው ቤት ሄድኩ። ቡና ፈልቶ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ድረስ ስለ ማሞ ምንም አላነሡም። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔም በዚያ ጊዜ የቀበሌ ጠመንጃ ይዣለሁ። ሰው አልገደልኩም። ግን ሰው ሲወሰድ በር ላይ ቆሜአለሁ። ልጅቱ ማሞን ስትጠይቀኝ እኔን የጠየቀችኝ መሰለኝ።»

ይህን ስሰማ የምለው ጠፋኝ። እኔ ከአገር የወጣሁት ሕፃን ሆኜ ነው፤ ኮሌጅ ተምሬ የያዝኩት ዲፕሎማም በዚያች ሰዓት ብዙ አልረዳኝም። አንድ ነገር ግን በሥራዬ አይቻለሁ። በየቤታችን ወንድሙን በቀይ ሽብር ያጣ አለ፤ ጠመንጃ ይዞ የቆመም አለ። አንዳንዴ ሁለቱ በአንድ ምኵራብ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጆቻችን ዝምታውን ያዩታል፣ ምክንያቱን ግን አያውቁትም። እኛ ያልነገርናቸውን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ባልሆነ መንገድ ይነግራቸዋል።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ሜዳሊያውን ለማዳን ብለን እስሩን አንደብቅ፤ የሞተውም ልጅ እናት ነበረችው። እስሩን ሰምተን ደግሞ ሜክሲኮን አንሰርዝ፤ ያን 42 ኪሎ ሜትር የሮጠው እርሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ያለውንም፣ ማሞ ያለውንም ለይተን እንንገር። ልጁ ገና ትንሽ ከሆነ በጥቂቱ እንጀምር፤ የ12 ዓመት ልጅ ግን ከምናስበው በላይ ይረዳል። ነገሩ ለመናገር የሚከብዳችሁ አረጋውያን ካላችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ የአካባቢያችሁን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ። የተናገራችሁት ምስጢር ሆኖ ይቀመጣል።

ልጅቷ ሥራዋን አልለወጠችም። በአንዱ ገጽ ላይ የማሞን ፎቶግራፍ ከሜዳሊያው ጋር ለጠፈች፣ በሌላው ገጽ የተከሰሰበትን ጻፈች። በሦስተኛው ገጽ አያቷ የነገሯትን አሰፈረች። እርሱን ለመምህሯ ከማስረከቧ በፊት ግን አያቷን አስፈቀደች። እሳቸውም ዕብራይስጡን በልጃቸው አስነብበው ካዳመጡ በኋላ፣ «አንድ ቃል ብቻ አስተካክዪ፤ ‹አያቴ ፈራ› በዪ እንጂ ‹አያቴ ታዘዘ› አትበዪ» አሏት።