የጄክ ፖልን መንጋጋ የሰበረው ጓንት ነው ወይስ ኪሎ?

ጄክ ፖል በ2024 (እ.ኤ.አ) ከማይክ ታይሰን ጋር ሲጋጠም ሁለቱም 103 ኪሎ አካባቢ ነበሩ፤ ጓንቱም ወፍራሙ ባለ 14 አውንስ። 8ቱን ዙር ጨርሶ አሸነፈ። (መቼም ታይሰን 58 ዓመቱ እንደነበር አይረሳም!)

በታኅሣሥ 2025 ጓንቱ ወደተለመደው 10 አውንስ ወረደ፤ ፊቱ የቆመው አንቶኒ ጆሽዋ ደግሞ በ12 ኪሎ ይበልጠው ነበር። በ6ኛው ዙር ተዘረረ፣ መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ብዙ ሰው ጓንቱን ነው የሚያወራው። እርግጥ ወፍራም ጓንት ምቱን ይበትነዋል፣ እጅንም ያዘገያል። ግን የ4 አውንስ ልዩነት 110 ግራም ገደማ ነው። ቡጢ ደግሞ ከእግር ተነስቶ፣ በወገብ ዞሮ፣ ከኋላው ያለውን ኪሎ ይዞ ነው የሚመጣው። ጆሽዋ ከ111 ኪሎ እንዳያልፍ ገደብ ተጥሎበት ነበር እኮ! ከባድ ሚዛን ላይ በተለምዶ እሱም ጣሪያ የለም፤ ከ91 ኪሎ በላይ የሆነ ሁሉ አንድ ሪንግ ውስጥ ይገባል።