ሽንኩርቱ የሚያልፍበት ሐዲድ የማን ነው?

የጃፓን መንግሥት የብሔራዊ ባቡር ድርጅቱን ለሰባት ኩባንያዎች የከፋፈለው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1987 ነበር። ስድስቱ አገሪቱን በየአካባቢው ተከፋፍለው መንገደኛ እንዲያጓጉዙ፣ ሰባተኛው በመላ አገሪቱ ጭነት እንዲያመላልስ ተመደበ። ድርጅቱ 37 ትሪሊዮን የን የሚደርስ ዕዳ ተሸክሞ ስለነበር ለውጡ መምጣቱ አያስገርምም። በቶኪዮና በኦሳካ ዙሪያ የተቋቋሙት ኩባንያዎችም አትርፈው አክሲዮናቸውን ለገበያ አቅርበዋል። በሰሜናዊቷ የሆካይዶ ደሴት ግን የሆነው ሌላ ነው።

ሆካይዶ የጃፓን የድንች፣ የሽንኩርትና የወተት ምድር ናት። ሕዝቧ ተራርቆ የሰፈረ፣ በረዶዋም የበዛ በመሆኑ የባቡር አገልግሎቷ ወጪውን እንደማይሸፍን ከመነሻው ይታወቅ ነበር። መንግሥት ለደሴቲቱ ኩባንያ ከ680 ቢሊዮን የን በላይ ፈንድ መድቦ፣ ኪሳራው ከፈንዱ በሚገኝ ወለድ እንዲካካስ አደረገ። በ1990ዎቹ የወለድ ምጣኔ ሲያሽቆለቁል ስሌቱም አብሮ ፈረሰ። በኖቬምበር 2016 ኩባንያው ከመስመሮቹ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 1,237 ኪሎ ሜትር፣ በራሱ አቅም ብቻ ማቆየት እንደማይችል አስታወቀ።

ከእነዚህ አንዱ የኪታሚን ሽንኩርት የጫነው ባቡር የሚሄድበት የሴኪሆኩ መስመር ነው። የአከፋፈሉ ጉድለት ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የጭነት ኩባንያው ባቡር አለው፤ ሐዲድ ግን የለውም ማለት ይቻላል። በመንገደኛ ኩባንያዎች ሐዲድ ላይ ሲጓዝ የሚከፍለው የእርሱ ባቡር በማለፉ የሚጨምረውን ወጪ ብቻ ነው። የቀረው የመስመሩ ወጪ በመንገደኛው ትከሻ ላይ ወደቀ። መንገደኛው የራሱን መኪና እየገዛ በሄደ ቁጥር፣ ገበሬው ምርቱን የሚልክበትን ሐዲድ ወደ ማጣት ይቃረባል። አዋሽ ላይ የሚገናኙት የጅቡቲና የሐራ ገበያ መስመሮች በተለያዩ ተቋማት ሥር ለሆኑባት ኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

አሁን ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር እስከ ሳፖሮ እንዲደርስ ግንባታው ቀጥሏል። ሲጠናቀቅ ከሐኮዳቴ እስከ ኦሻማምቤ ያለው ነባር መስመር ከመንገደኛ ኩባንያው እጅ ይወጣል። በሆካይዶና በዋናው ደሴት መካከል የሚመላለሱት የጭነት ባቡሮች በሙሉ የሚያልፉት ደግሞ በዚሁ መስመር ነው። መንግሥትና የደሴቲቱ አስተዳደር መስመሩ ለጭነት እንዲቆይ ይፈልጋሉ፤ የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ግን ገና እየተነጋገሩበት ነው።