የተጨመረው ልጅ ጥላ

አንዲት የኖፓ እናት ውጭ አገር ያለ ልጃቸው ሶር ፏፏቴ ዳር ከወንድሞቹ ጋር የቆመበትን ፎቶ አሳዩኝ። ልጁ እዚያ አልነበረም፤ ፎቶ ቤት ነው የጨመረው።

ፎቶሾፕ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምስልን በንብርብር፣ «ሌየር» በሚባለው ያሠራል፦ አንዱ ፏፏቴው፣ ሌላው ሰውዬው፣ ሦስተኛው ጥላው። የወንድሞቹ ጥላ መሬት ላይ ወድቆ የእሱ ከሌለ ዓይን ወዲያው ይነቃል።

እናንተም ስታሠሩ ብርሃን በዚያው አቅጣጫ የመታውን ፎቶ ስጡ፤ ጥላውም በራሱ ሌየር ይሠራ፣ ለብቻው እንዲደበዝዝ ወይም እንዲጠቁር። ሌየሮቹ ያልተዋሐዱበትን ፋይልና ዋናዎቹን ፎቶዎች ተቀበሉ። ከጀርባው «የተቀናበረ» ብላችሁ ጻፉበት። ናፍቆቱ እውነት ነው፤ የልጅ ልጅ ግን አንድ ቀን «ያኔ መጥቶ ነበር?» ማለቱ አይቀርም።