ለዓይን ወይስ ለጆሮ?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ ከበሮ ብቻ የተነገረ አይደለም። ከመጀመሪያ ደመወዙ ቈጥቦ የሙዚቃ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ምክር ነው። በተለይም አኮርዲዮንን ወይም ታናሽ ዘመዱን ኮንሰርቲናን ይዞ የአገሩን ዜማ ለመጫወት የሚመኝ ሰው፣ የሚያብለጨልጨውን ሣጥን ከማንሣቱ በፊት ራሱን አንድ ነገር መጠየቅ ይገባዋል። የምገዛው ለዓይን ነው ወይስ ለጆሮ?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ጥምቀት አንኮበር ላይ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ባለ ቁልፍ ትንሽ አኮርዲዮን ይዞ፣ በቤታቸው ለተሰበሰበው ዘመድና ጎረቤት ይጫወት ነበር። ትዝታን ተጫወተ፤ ቤቱ ሞቀ። ባቲን አስከተለ፤ እናቶች አጨበጨቡ። አምባሰልም አላሳፈረውም። በዚህ ጊዜ መሰንቆአቸውን ታቅፈው ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እስቲ ልጄ፣ አሁን ደግሞ አንቺሆዬን ንካልኝ» አሉት። ወዳጄም ጀመረ፤ ነገር ግን አምስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ ጣቱ የሚያርፍበት አጣ። ላይ ታች ቢፈልግ የለም። ፊቱ ቀላ። ሽማግሌው ግን ሳይሥቁበት «አይዞህ፣ ጥፋቱ የጣትህ አይደለም። ሣጥኑ አንድ ድምፅ ጎድሎታል» አሉት።

ሽማግሌው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የተናገሩት ፍጹም እውነት ነበር። የወዳጄ አኮርዲዮን ያሉት ሰባቱ ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። ትዝታ በተለመደው መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ይፈልጋል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲን ይፈልጋል። አምባሰል ከሚ ተነሥቶ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይላል። ሦስቱም በሰባቱ ውስጥ ይገኛሉ። አንቺሆዬ ግን ከሲ ተነሥቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካለ በኋላ የሚፈልገው ሶልን ሳይሆን ከሶል በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን ነው። እርሱም በፒያኖ ላይ ጥቁሩ ቁልፍ ነው። እንግዲህ አራቱንም ቅኝቶች ለመጫወት የሚሻ ሰው ነጭና ጥቁር ቁልፎች ያሉትን አኮርዲዮን፣ ወይም ግማሽ ድምፆች የተሟሉለትን ኮንሰርቲና መምረጥ አለበት ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ለእግር ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ይቈጠራል።

ቀጥሎ የሚመረመረው የመሣሪያው ጤንነት ነው። አኮርዲዮን ከባለ እጁ ወናፍ የተለየ ተአምር የለውም። ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ ነፋሱ ቀጫጭን የብረት ልሳኖችን ያርገበግባል፤ ድምፁም ይወጣል። ስለዚህ አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የወናፉን ማሰሪያ ፈትቶ፣ አንድም ቁልፍ ሳይነካ፣ አንዱን ጎን ይዞ ሌላውን ያንጠልጥለው። ወናፉ በፍጥነት ከተዘረጋ ነፋስ ያፈስሳል። ከዚያም እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲስብ፣ አንድ ጊዜም ሲገፋ ይስማው። የሻገተ ሽታ ካለው ይተወው። በግራ እጅ በኩል 120 ቁልፎች ያሉት ትልቁ አኮርዲዮን ክብደቱ 10 ኪሎ ያህል ስለሆነ፣ ለጀማሪ ባለ 48ቱ ከበቂ በላይ ነው። ከገዙትም በኋላ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንደ አንኮበር ጉም በሚውልበት ደጋ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። ወደ ቆላው ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቢተውት ልሳኖቹን የያዘው ሰም ሊቀልጥ ይችላል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለባዕድ ዕቃ ምን ያደርጋል? መሰንቆና ክራር አሉን አይደለምን?» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ስጋታቸውን አልንቀውም። በየሠርጉ ቤት ኪቦርዱ ራሱ በሚመታው ምት አዝማሪውን ከአዳራሹ እያስወጣው መሆኑን ሁላችንም እናያለን። ነገር ግን መሣሪያ ባዕድ የሚሆነው በተሠራበት አገር ሳይሆን በሚጫወተው ሰው ጆሮ ነው። አኮርዲዮን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ቪየና ላይ ሲመዘገብ ስለ ትዝታ ያሰበ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ብርሃን በ1946 የተወለዱት አቶ ኃይሉ መርጊያ፣ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮንን ያለ አስተማሪ ተማሩ። በዋልያስ ባንድ ስማቸው ከታወቀ በኋላ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 የአገራቸውን ዜማዎች በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ቀርፀው አወጡ። ከዚያም ብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዱ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በመኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ያ ሥራቸው በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። ኪቦርዱ በእርሳቸው እጅ ዜማችንን አላባረረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጆሮአቸው አስቀድሞ በአገሩ ዜማ ተሞልቶ ነበር።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አኮርዲዮን ለመግዛት ያሰብህ ወጣት ሆይ፣ ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት አንድ መሰንቆ ተጫዋች ዘንድ ሄደህ ተቀመጥ። አራቱን ቅኝቶች በጉሮሮህ ማንጎራጎር እስክትችል ስማ። ከዚያ የምትገዛውን ጆሮህ ይነግርሃል። ገዝተህም ስትጫወት በግራ እጅ በኩል ተዘጋጅተው የሚጠብቁህን ባለ ሦስት ድምፅ ቁልፎች በጥቂቱ ንካ፤ ዜማችን በአንድ መስመር የሚሄድ ነውና እነርሱ ሲበዙ ይሰጥማል።

የአንኮበሩም ምሽት በኀፍረት አላለቀም። የአኮርዲዮን ድምፅ የማይላወስ መሆኑን የተረዱት ሽማግሌ የመሰንቆአቸውን ጭራ አጥብቀው ወደ እርሱ አስጠጉት። ወዳጄም አንዲቱን ድምፅ ብቻ ረዘም አድርጎ ያዘላቸው። ሣጥኑ የጎደለውን ድምፅ መሰንቆው ሞላና አንቺሆዬ እስከ እኩለ ሌሊት ተዘፈነ። ወዳጄ አሁን ባለ ጥቁር ቁልፉን ለመግዛት እየቈጠበ ነው፤ እስከዚያው ግን በየእሑዱ ከሽማግሌው ቤት አይታጣም።