«ፋዘር፣ ፎርማት አድርገንልዎታል»

ሰውየው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዘው ቆመዋል። ጡረታ በወጡ ማግስት ማንም ያላዘዛቸውን ሥራ ጀመሩ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የተወለዱባትን ወረዳ ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ እየሰበሰቡ መጻፍ። ደመወዝ የለው፣ ፕሮጀክት አይባል፣ ፈረንጅ አይረዳው። ልጃቸው የተወችላቸው አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ሞባይል ብቻ ነበራቸው። በሞባይሉ ይቀዳሉ፤ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣሉ፤ ከዚያ በሁለት ጣት ቁጭ ብለው ይተይባሉ። አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አሥራ አራት አዛውንት ቀድተዋል። ከመካከላቸው ጣሊያን ሲገባ ልጅ የነበሩ አሉ፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲነገር ጭሰኛ የነበሩም፣ ባለርስት የነበሩም አሉ። ሁለቱን ወገን በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ቀን ጠዋት ላፕቶፑ አልነሣ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ወሰዱት። ልጁ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ስማቸውንና ስልካቸውን በእስክሪብቶ ጻፈበት። ደረሰኝ የለም። ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀም የለም። «ነገ ይምጡ» ተባሉ።

በማግስቱ ላፕቶፑ ይሠራል። እንዲያውም ከወትሮው ይፈጥናል። ዴስክቶፑ ላይ ግን አረንጓዴ ሜዳና ሁለት ምልክቶች ብቻ ናቸው ያሉት።

«ፋዘር፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነበር፤ ፎርማት አድርገን አዲስ ጭነንልዎታል። ኦፊስም አለው። ለምርቃት ጥቂት ፊልም ጨምረንልዎታል።»

«የነበረውስ?»

«ፍላሽ ላይ አላስቀመጡትም እንዴ?»

ስድስት መቶ ብር ከፍለው ወጡ። አዎ፣ ከፍለው! ተከራክረው አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ምን እንደጠፋ ገና ከራሳቸው ጋር አልተማከሩም ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ የከተማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወጣት ቃል አንድ ናት፦ «ባክአፕ አልነበራቸውም?» በጥያቄ መልክ የመጣች ፍርድ ናት። ጥፋቱን ከጠጋኙ ላይ አንሥታ ጠፋብኝ ባዩ ላይ ትጥላለች። የጥገናው ሰፈር ደግሞ ይህችን ቃል እንደ ጋሻ ይዟታል። ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «ለጠፋ ዳታ ኃላፊነት አንወስድም» የምትል ወረቀት ተለጥፋለች። ወረቀት ያልለጠፈው በአፉ ይላታል።

እስቲ ነገሩን ወደሚታወቅ ሙያ እናምጣው። አንድ ሰው ኮቱን ለልብስ ሰፊ ሰጠ፤ ገበሩ ተቀዷል። ሰፊው ገበሩን ቀይሮ ሲመልስ፣ የውስጥ ኪሱ ውስጥ የነበረውን የሟች እናቱን ፎቶ ከቁራጩ ጨርቅ ጋር ጥሎታል። «ኪስህን ለምን አልፈተሽክም?» ማለት ይቻላል። ግን ሰፊው ኪስ መኖሩን ያውቃል። ኪስ ውስጥ ነገር ሊኖር እንደሚችልም ያውቃል፤ ሙያው ነው። እጁን አስገብቶ ማየት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ያንን ያላደረገ ሰፊ በሰፈሩ ሁለተኛ ኮት አይሰጠውም። ኮምፒውተር ጠጋኙ ግን አጥፍቶም ምርቃት ሰጪ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሙያው ገባ እንበል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። ዊንዶውስ አልነሣ አለ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። ቤቱ በሩ ተሰበረ እንጂ ዕቃው አልተቃጠለም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ፣ በርካሽ ኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ የሰውየውን ማኅደር ገልብጦ ማስቀመጥ ይቻላል። ወይም ዲስኩን ሳይፈቱ ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ መቅዳት ይቻላል። ይህ ረቂቅ ጥበብ አይደለም፤ በሙያው የመጀመሪያ ወራት የሚለመድ ነገር ነው። የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜ ደግሞ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የለም፤ ፎርማት ማድረግ ፈጣን ነው፣ ማሰብም አይጠይቅም፣ ዋጋውም ያው ነው። ስለዚህ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ሆነ። ቀሰስ አለ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ድምፅ አልወጣ አለ? ፎርማት። ራስ ምታት ይዞት የመጣውን ሁሉ አንገቱን የሚቆርጥ ሐኪም ቢኖር ክሊኒኩ በማግስቱ ይታሸጋል።

ከፎርማት በኋላም ቢሆን ተስፋ ነበረ። በተለመደው ፈጣን ፎርማት ዲስኩ ላይ ያለው ነገር አይፋቅም፤ የሚጠፋው ማውጫው ነው። መጽሐፉ አለ፤ የትኛው ምዕራፍ የት እንዳለ የሚናገረው ገጽ ተቀደደ። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ በላዩ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ በሶፍትዌር አብዛኛውን መመለስ ይቻል ነበር። (በአዲሶቹ ኤስኤስዲዎች ነገሩ ይከፋል፤ ሲስተሙ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነገር አይኖርም።) የመምህሩ ዲስክ አሮጌ ነበር። በላዩ ግን አዲስ ዊንዶውስ ተጻፈበት፤ ኦፊስ ተጻፈበት፤ ከዚያም ያ «ምርቃት» ተጻፈበት። ጣሊያን ሲገባ ልጅ የነበሩት አዛውንት ድምፅ የነበረበት ቦታ ላይ የሆሊውድ ፊልም ተቀመጠ። ይህ ለማሳመር የተባለ ንግግር አይደለም፤ ዲስኩ ላይ የሆነው ቃል በቃል ይኸው ነው።

ወደ «ባክአፕ» ክስ እንመለስ። ምክሩ ራሱ ትክክል ነው፤ ሰው ሁለት ቅጂ ቢኖረው ይሻላል። ግን ምክሩን የሚወረውሩት ሰዎች ዋጋውን አስልተው ያውቃሉ? ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሮኒክስ የት እንደደረሰ መርካቶ የሄደ ያውቃል። አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ለጡረተኛ መምህር ቀላል ግዢ አይደለም። «ክላውድ ላይ ያስቀምጡ» ይባላል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ኢሜይሉም ፎቶውም ከዚያው ይቆረጣል። ከዚያ በላይ ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። የብዙ ሰዓት ቅጂ በሞባይል ዳታ መጫን ደግሞ ስንት ፓኬጅ ይበላል? ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ ማጣት ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ድህነት ነው። ድሃ መሆን ደግሞ ለጠጋኝ ማጥፋት ፈቃድ አይሰጥም። እንዲያውም ደንበኛው ቅጂ እንደሌለው ማንም ከሚያውቀው በላይ የሚያውቀው ጠጋኙ ነው፤ በየቀኑ ያየዋል። የሚያውቅ ሰው ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል እንጂ ሊያንስ አይገባም።

ሕጉስ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አገልግሎት ገዢውን ሸማች ይለዋል፤ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብትም ይሰጠዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ አዋጁ በሆቴል አዳራሽ ሲወራ ባንክና ቴሌ፣ ሆስፒታልና መተግበሪያ ይነሣሉ። የሁለተኛ ፎቅ ጠባብ ሱቅ አይነሣም። ከተማው ውስጥ የሰው ሠርግ ፎቶ፣ የምርቃት ጽሑፍ፣ የሕክምና ወረቀትና የባንክ ማስረጃ ክምር ብሎ ያለ ጠባቂ የሚያድረው ግን እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው።

ካሳ ቢፈረድስ ስንት ነው? እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ያስቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ያኔ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ደህና ጫማ አይገዛም። ፍርድ ቤት የሚቆጥረው በገንዘብ የሚተመነውን ነው፤ የአንድ የሞቱ አዛውንት ድምፅ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ወንጀል ነው እንዳይባል፣ በወንጀል ሕግ ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲል ብቻ ነው። ጠጋኙ ደግሞ ክፉ አላሰበም። ምንም አላሰበም፤ ችግሩም እሱ ነው።

መጥፋቱ ሲገርመን ሌላ ወገን አለ፤ መቀዳቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ካናዳ ውስጥ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድምፅ ብቻ የማያወጡ ላፕቶፖችን አዘጋጅተው ወደተለያዩ የጥገና ሱቆች ላኩ፤ በስውርም የሚደረገውን ይመዘግቡ ነበር። በስድስት ቦታ ጠጋኞቹ የግል ፋይል ከፍተው አይተዋል፤ በሁለቱ ደግሞ ወደ ራሳቸው መሣሪያ ቀድተዋል። ካናዳ፣ ሕግ ያለበት፣ ተቆጣጣሪ ያለበት አገር። እዚህ ስልኳን ለስክሪን ቅየራ ስትሰጥ የይለፍ ቃሏን አብራ እንድትሰጥ የምትጠየቅ ልጅ ለምን ሆዷ እንደሚፈራ ማስረዳት አያስፈልግም። ስክሪን ለመቀየር ማኅደር መክፈት ምን ያደርጋል? «ለመሞከር» ነው መልሱ። እሷ ፊት ለፊት ቆማ ራሷ ከፍታ ትሞክረው እንጂ!

በሌላ ወገን፣ ጠጋኙን ብቻ መርገም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ልጁ የሚሠራው ከመብራት መቆራረጥ ጋር እየታገለ ነው፤ የሱቁ ኪራይ ጉልበቱን ይበላዋል፤ ደንበኛውም «ሦስት መቶ አይበቃህም?» እያለ ይከራከረዋል። በቴክኒክና ሙያ «ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ» ተምሮ የብቃት ምዘና አልፎ የሚሠራ ጠንቃቃ ልጅ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በዩቲዩብ ሁለት ወር የቆየ አለ። ሁለቱ በአንድ ዋጋ በአንድ ኮሪደር ይሠራሉ፤ ደንበኛው የሚለይበት ምልክት የለውም። ጠንቃቃው ቀድቶ ለማስቀመጥ ሁለት ሰዓት ሲያጠፋ፣ ያኛው አራት ላፕቶፕ ፎርማት አድርጎ ይጨርሳል። ገበያው የሚሸልመው ያኛውን ነው። ንግድ ፈቃድ የሚያድሰው ቢሮ ግብር መከፈሉን ያያል፤ የሰው ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ የሚያይ የለም።

የሚጠየቀውም ነገር ተራራ አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት። የደንበኛው ስም፣ የማሽኑ ዓይነት፣ ምን እንደሆነበት፤ ከዚያ አንዲት ጥያቄ፦ «ውስጡ ያለው ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም?» ይፈለጋል ካለ፣ ለመቅጃው ተጨማሪ ስንት እንደሚከፍል ተጽፎ ይፈርማል። ያለ ፊርማ ፎርማት የሚባል ነገር የለም። ይህን ወረቀት የንግድ ቢሮ ለፈቃድ እድሳት መስፈርት ቢያደርገው ምን ይጎድልበታል? ባለሥልጣኑስ ከሆቴል አዳራሹ ወርዶ መገናኛ ሁለተኛ ፎቅ አንድ ቀን ቢውል? ልብስ አጣቢ እንኳ ኮት ሲቀበል ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጣል። ደንበኛም ብትሆን ያቺን ጥያቄ ያልጠየቀህን ሱቅ ላፕቶፕህን አንሥተህ ውጣ። አምስት መቶ ብር የበለጠ የሚያስከፍልህን፣ ግን ዲስኩን ፊት ለፊትህ የሚቀዳውን ልጅ ፈልግ፤ እሱ ካልተከፈለው ሱቁን ይዘጋል፣ የሚቀረውም ያ ባለ ምርቃቱ ነው።

መምህሩ ከሳምንት በኋላ ላፕቶፑን ወደ ሌላ ባለሙያ ወሰዱት። ይኼኛው ሳይነካው በፊት ሙሉ ዲስኩን ቀዳ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ፈለገ። የተተየበው ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ፣ አርዕስቱና ስሙ ጠፍቶ፣ ተበታትኖ ወጣ። ከድምፆቹ አንዱ ብቻ ተከፈተ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ይሄድና ባለታሪኩ ወደ ጎረቤታቸው ስም ሲደርሱ ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ሱቅ ጋ ተመልሰው ሄደው ነበር። ልጁ በእውነት አዝኗል፤ ወንበር አቀረበላቸው፣ ቡና አዘዘላቸው። «ፋዘር፣ ቢነግሩኝ ኖሮ» አለ።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ልጄ» አሉት።

ከአሥራ አራቱ አዛውንት አምስቱ በሕይወት አሉ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ ወረዳው ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሞባይል ይዘዋል፤ አንዱን ልጃቸው ከሥራ ቦታዋ ብድር ወስዳ ነው የገዛችላቸው።