የአባት ብረት በኪሎ ከመሸጡ በፊት

ከጎንደር ተነስቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን የሚወርደውን የመኪና መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሠራው። በመንገዱ የመጣው የጭነት መኪና ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋም አብሮ መጣ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ ሁሉም ከጣሊያንኛ ወደ መካኒኮቻችን አፍ ገብተው አማርኛ ሆነዋል። “ትሬንታ ኳትሮ” ማለትም ሠላሳ አራት ነው፤ ስሙ የመጣው ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣው 634 ከተባለው መኪና ነው። በኋላ ደግሞ “ኤን ትሬ” የምንለው 682 ተከተለ።

በእነዚህ መኪኖች እንጀራ የበላ ሹፌር ወይም መካኒክ ባለበት ቤት አልጋ ሥር የተገፋ የብረት ሣጥን አይጠፋም። አባት ሲያርፉ ልጆች ቤቱን ያጸዳሉ፤ ሣጥኑም ቁራሌው ሚዛን ላይ ይወጣል። ለብረቱ ይከፈላል፤ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ግን አይኖርም። ስለዚህ አያት በሕይወት ሳሉ ሣጥኑን ከልጅ ልጆች ጋር ይክፈቱት።

መጀመሪያ ዕቃውን በናፍጣና በብሩሽ ያጽዱ፤ ከዝገቱ ሥር ቁጥር ይወጣል። አሜሪካኖች የ1960ዎቹን ጉልበተኛ መኪኖቻቸውን ሲያድሱ የሚመኩት በዚህ ነው። በሸቭሮሌት ሞተር ላይ አብሮ የቀለጠ ፊደልና ቁጥር አለ፤ ፊደሉ ወሩን፣ ቁጥሩ ቀኑንና የዓመቱን መጨረሻ አኃዝ ይናገራል። ሞተሩ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ሲረጋገጥ ዋጋው ይጨምራል።

የእኛም ሣጥን እንዲሁ ይናገራል። ብሮንዚና ቢያገኙ ጀርባውን ይዩ፤ 0.25 ወይም 0.50 የሚል ካለበት፣ ኮሎው በቶርኖ ቤት ያን ያህል ሚሊ ሜትር ለተሞረደ ሞተር የተገዛ ነው። ስለዚህ አዲስ ቢመስልም ላልተሞረደ ኮሎ አይሆንም። ትንሿ የነሐስ ቡሽ የምትመስል ቀዳዳማ ዕቃ ደግሞ የካርቡራተር ነዳጅ መለኪያ ልትሆን ትችላለች። 120 የሚል ቢኖርባት በብዙዎቹ የጣሊያን ካርቡራተሮች ቀዳዳዋ 1.20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ የቤንዚን ሞተርም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ነዳጁ ካልተቀነሰለት ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። አባት ትንሿን ቀዳዳ ያስቀመጡት ለደጋው ይሆናል። ይህን የሚነግርዎ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ፤ የታወቀ ዕቃ ሁሉ ይገጠም ማለት አይደለም። ሊማሊሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው። የፍሬንና የመሪ ዕቃ ያረጀ ከሆነ ለማስታወሻ ይቀመጥ እንጂ መኪና ላይ አይግባ። ሌላውንም ባለሙያ ስንጥቅ እንዳለው ሳያይና ሳይለካ አይግጠሙት።

ሥራው የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አያት ስሙንና ከየትኛው መኪና እንደወረደ ይናገራሉ፤ ልጁ በደብተር ይጽፋል፤ እናት ወይም አባት በሽቦ ቁጥር ያስራሉ። ከዚያ በኋላ መሸጥ ቢያስፈልግ እንኳ ይሸጥ፤ ዕቃው በስሙና በልኩ ሲሸጥ ግን ገዢው ቁራሌው ሳይሆን ያን ዕቃ የሚፈልገው መካኒክ ይሆናል። ደብተሩ ግን አይሸጥም።