ሁለት ዲስክ ሁለት ቤት አይደለም

እናታችን ከማረፏ በፊት፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረች ያወራችውን በድምፅ ቀርጸን ነበር። አራት ፋይል ነው። ዱሉዝ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ባለው ናስ ላይ አስቀምጬው፣ "ሁለት ዲስክ ላይ ነው ያለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ" ብዬ ያለ ሐሳብ እተኛ ነበር። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ላፕቶፑ ሞልቶበት ቦታ ሲያስለቅቅ፣ ፎልደሩ የራሱ ኮፒ መስሎት ሰረዘው። ሁለቱም ዲስኮች ትእዛዙን እኩል ፈጸሙ። እኛ ያወቅነው ከወራት በኋላ፣ ለሙት ዓመቷ ዘመድ ተሰብስቦ ድምጿን ልናሰማ ስንል ነው። ከአራቱ ፋይሎች የተረፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድሜ በፍላሽ ይዞት ባሕር ዳር ስለሄደ።

ልጁን አልተቆጣሁትም። መሣሪያውን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ይህን የምጽፈው ናስ አትግዙ ለማለት አይደለም። ግዙ ነው የምለው። ግን ስትገዙ ምን እንደገዛችሁ እወቁ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ናስ የምንለው (ድስት ከሚሠራበት ናስ ጋር አይገናኝም) ከቤታችሁ ራውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ ዲስኮች የሚገቡበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። የቤቱ ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ ፋይሉን እዚያ ያስቀምጣል፣ ከዚያም ያነባል። እኛ ሰፈር ፕሌዘንት ሂል መንገድ ላይ ያለው ማይክሮ ሴንተር ገብታችሁ የሲኖሎጂ ወይም የሌላ ኩባንያ ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን ማየት ትችላላችሁ።

"ጉግልና ቴሌግራም እያሉ ምን ያደርግልኛል?" የሚለኝ ብዙ ነው። ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን ያቆመው በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሁን በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከጂሜይል ጋር የሚጋሩት ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ብቻውን ሊሞላው ይችላል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን እንደ ፋይል ካልላካችሁት በቀር ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። የልጆቻችሁን የክርስትና ፎቶ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብቻ ያስቀመጣችሁ ሰዎች፣ ትልቅ አድርጋችሁ ልታሳትሙት ስትሉ ይገባችኋል። ስለዚህ የራስ ሣጥን መኖሩ ትክክል ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው "ሬይድ 1" የሚለውን ስንመርጥ ነው። ሬይድ 1 አንዱን ዲስክ የሌላው መስታወት ያደርገዋል። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ብትከቱ የምታገኙት ቦታ 4 ቴራባይት ነው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራ ሳይቋረጥ አዲስ ትተካላችሁ። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን መስታወት የሚያሳየው ፊቱ የቆመውን ነው። ፋይሉን ብትሰርዙት ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ቫይረስ ቢቆልፈው በሁለቱም ይቆለፋል፤ ሌባ ሣጥኑን ቢወስድ ሁለቱንም ይወስዳል። ገበሬ የሚበላውን እህል ጎተራ ውስጥ ቢያደርግም ዘሩን ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው። እኛ ግን ዘሩንም እህሉንም አንድ ጎተራ ከተን በሩን ሁለት ስላደረግን ብቻ ደኅና ነን እንላለን።

እንግዲህ ሣጥኑን ስታቀናብሩ፣ ከመጀመሪያው ቀን እነዚህን አድርጉ።

ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን መግቢያ ስጡት። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን። የማይተኩ ነገሮች የተቀመጡበት ፎልደር ለልጆች የሚነበብ እንጂ የሚሰረዝ አይሁን። ይህን አንድ ነገር አድርጌ ቢሆን ኖሮ የእናቴ ድምፅ ዛሬ ሙሉውን ይኖር ነበር።

የናሱን ሪሳይክል ቢን አብሩት። ከኔትወርክ የሚሰረዝ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ወዳለው ሪሳይክል ቢን አይገባም። ናሱ ስናፕሾት የሚችል ከሆነም፣ የትናንቱንና ያለፈውን ሳምንት መልክ እንዲይዝ እዘዙት።

በሐምሌ የጆርጂያ ነጎድጓድ መብራት እንደሚያጠፋ ታውቃላችሁ። ናስ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋበት ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ዩ.ፒ.ኤስ. ግዙለት።

ከውጭ ለመግባት ብላችሁ ራውተራችሁን አትክፈቱ። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. "ዴድቦልት" የተባለው ራንሰምዌር በቀጥታ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶችን እየገባ ፋይል ቆልፎ 0.03 ቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ከውጭ መግባት ካስፈለጋችሁ በቪ.ፒ.ኤን. ግቡ።

አሁን ደግሞ የአማርኛ ተጠቃሚውን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። አብዛኞቹ ናሶች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እዚያ የፋይል ስም ርዝመት የሚለካው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው፤ ጣሪያው 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለእኛ ጣሪያው 85 ፊደል ነው። በሲኖሎጂ በተመሠጠረ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ጣሪያው ወደ 143 ባይት ይወርዳል፤ ይኸውም 47 የግዕዝ ፊደል ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለችግር የተቀመጠ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ወደ ናስ አልገለበጥም ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው። በተለይ የደንበኞችን ሰነድ በተመሠጠረ ፎልደር የምታስቀምጡ የታክስና የሒሳብ ቢሮዎች ልብ በሉ። ሙሉ ፎልደር ስትገለብጡ አንድ ፋይል ቀርቶ ሳታዩት ማለፍ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ስም አሳጥሩ፣ ከገለበጣችሁ በኋላም ቁጥራቸውን አመሳክሩ።

ስታወጡለትም አንድ ወጥ አጻጻፍ ያዙ። "ሠርግ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን "ሰርግ" ብላችሁ ብትፈልጉ ማሽኑ የለም ሊላችሁ ይችላል፤ ለእሱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸውና። ዓመቱንም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ወስኑ። 2003 ዓ.ም. እና 2003 እ.ኤ.አ. በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይራራቃሉ፤ ልጆቻችሁ የትኛውን እንደጻፋችሁ በምን ያውቃሉ?

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ዋናው ነገር ሌላ ቤት ነው። ክላርክስተን ያለ ዘመድ ቢኖራችሁ ጥሩ፤ ሌላ ስቴት ወይም አገር ቤት ቢሆን የተሻለ። ሁለተኛውን ኮፒ በኢንተርኔት ልላክ ብትሉ፣ የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ 1 ቴራባይት ለመላክ ሌት ተቀን ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኮፒ ቤታችሁ ውስጥ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ዲስኩን መሥጥሩት፣ ከዚያ በእጅ አድርሱት። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ለአንዲት ዲስክ ቦታ አይጠፋም። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ዲስክ አንድ ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ተከፍቶ ያልታየ ኮፒ እንዳለ አይቆጠርም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ኮፒ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው ወደ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተልኳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ካታሎግ ሲያዘጋጁላቸው የኖሩት እዚያው ኮሌጅቪል ሆነው ነው። ያን ጊዜ ናስም ሬይድም አልነበረም። ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ግን ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሣጥኑን ገዝታችሁ ዲስኩን ከታችሁ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሥራው አለቀ አትበሉ። ግማሹን ነው የጨረሳችሁት። ሌላው ግማሽ ስልክ አንሥቶ ለእህት ወይም ለወንድም "አንዲት ዲስክ ትቀመጥልኛለች?" ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ ጠይቄያለሁ። የተረፈችው የእናቴ ፋይል አሁን ሦስት ቤት ውስጥ አለች፤ እስከ አራተኛው ቤት ቆጥራ ታቆማለች። ከዚያ በላይ ያሉትን ስሞች ዛሬ ከእኛ መካከል የሚያውቃቸው የለም።